ጥላ ሰብሳቢው መምህር

ሌላው ሰው ጨለማ ይፈራል። ሐረር ያደግን ልጆች ግን ሌሊቱን ለጅቦቹ ትተን፣ የምንፈራው ቀትርን ነበር። የቀን ብርሃን ምኑ ይፈራል ትሉ ይሆናል፤ ባትሉ ነው የሚገርመኝ። ፀሐይ አናት ላይ ስትወጣ፣ ዶሮ እንኳ ክንፏን አንጠልጥላ አጥር ሥር ስትወሸቅ፣ መንደሩ ጭጭ ሲል፣ እናቶቻችን በራፍ ላይ ቆመው ስማችንን እየጠሩ ወደ ቤት ይሰበስቡን ነበር። በዚያ ሰዓት ሜዳ ላይ የተገኘ ልጅ ጥላው ይወጋል። ጥላው የተወጋ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ይቃዣል፣ ምግብ ይጠላል፤ ካልታደለም ይሞታል። ወጊዎቹ እነማን እንደሆኑ ብትጠይቁ ስማቸውን የሚጠራላችሁ አታገኙም። "እነሱ" ይባላሉ፤ እሱም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ ነው።

ይህ የአንድ ሰፈር ፍርሃት እንዳይመስላችሁ። ከግንቡ ውጪ፣ በአዲሱ ከተማ የምንኖር የክርስቲያን ልጆች ጋኔነ ቀትር እንላለን፤ ከግንቡ ውስጥ፣ ጀጎል ያሉት ሙስሊሞች ጓደኞቻችን ጂን ይላሉ። የምንበላው ሥጋ ሌላ፣ የምንጾምበት ወር ሌላ፣ የምናከብረው ቀን ሌላ ነው፤ ከቀትር መሸሽ ላይ ግን ቅንጣት ልዩነት የለንም። የከተማውን ሰው ባንድ ሐሳብ ለማስማማት ስንቱ ሹም ደክሞ ያቃተውን፣ ቀትር ያለ አዋጅ ፈጽሞት ነበር። ትምህርት ቤታችን ሳይቀር የረፋዱን ደወል ቀደም አድርጎ የሚደውለው፣ ቀትር ሳይገባ ልጆች ቤታቸው እንዲደርሱ ተብሎ ነው።

እንግዲህ መምህር ዳምጤ የመጡት እዚህች ከተማ ነው።

መምህር ዳምጤ ጎጃሜ ናቸው። ቀጭን፣ ረጅም፣ ካኪ ኮታቸው ከትከሻቸው ሰፋ ያለ፣ ሲናገሩ ጆሮ አቅንቶ መስማት የሚያስፈልግ ሰው ነበሩ። ጣሊያን ከወጣ ብዙ አልቆየም፤ አስተማሪ እንደ ልብ አይገኝም። አንደኛ ክፍልን ሰጧቸው። አንደኛ ክፍል ማለት እኛ ነን፤ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ስንቀመጥ እግራችን መሬት የማይደርስ፣ አፍንጫችንን በክንዳችን የምንጠርግ የመንግሥት ሠራተኛ፣ የወታደርና የነጋዴ ልጆች።

እሳቸው እስኪመጡ ድረስ ትምህርት ማለት መቀመጥ ነበር። ጥሩ ተማሪ ዝም ብሎ የሚቀመጥ፣ ጎበዝ ተማሪ ዝም ብሎ ብዙ የሚቀመጥ ነው። የጠቅላይ ግዛቱ ቢሮ ጸሐፊ የነበረው አባቴ ለጎረቤቱ ሁሉ፣ "ልጄን ያስገባኋት እጇን ቀለም እንጂ አፈር እንዳይነካው ብዬ ነው" እያለ በኩራት ያወራ ነበር። መምህር ዳምጤ በመጡ በመጀመሪያው ሳምንት እስከ ክርኔ ጭቃ ለብሼ ቤት ገባሁ። አባቴ አየኝና ጎረቤት ሳያየኝ ወደ ጓዳ አስገባኝ።

ነገሩ ምን መሰላችሁ፤ መምህር ዳምጤ ፊደል የሚያስቆጥሩት በጭቃ ነው። ሜዳው ዳር ካለው ቀይ አፈር እያቦካን ፊደሉን በእጃችን እንሠራለን። የሐረርን "ሐ" ሠርቶ በሦስት እግሩ ማቆም ቀላል ይመስላችኋል? እስቲ ሞክሩት! አንዱን ስታቆሙት ሌላው ይጎብጣል። የሠራነውን በግድግዳው ጥግ ደርድረን ፀሐይ ላይ እናሰጣለን። አንድ ቀን ያልታሰበ ዝናብ ጣለና ፊደሉን ከ"ሀ" እስከ "ፐ" ጠራርጎ ወደ መጣበት አፈር መለሰው። አለቀስን። መምህር ዳምጤ ግን እጅጌያቸውን ሰብስበው "በሉ እንደገና ይቦካ" አሉ። ያን ቀን ለሁለተኛ ጊዜ የሠራሁትን ፊደል እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

መቀነስን ያስተማሩን በኦቾሎኒ ነው። ፊታችን ይቆጠርልናል፤ እንበላለን፤ የቀረውን እንናገራለን። መቀነስ ላይ በጠቅላይ ግዛቱ የሚስተካከለን አልነበረም፤ መደመር ላይ ግን ሁላችንም ደካሞች ነበርን። አንድ ጊዜ ደግሞ ኤረር በር ድረስ ወስደው ግንቡን በክንዳችን አስለኩን። እንጨት የጫኑ አህዮች እየገፉን፣ ሴቶቹ አፋቸውን በሻሻቸው ሸፍነው እየሳቁብን፣ ለካን ለካንና የሁላችንም ቁጥር የተለያየ ሆነ። ከክፍላችን ትልቁ አብዱላሂ አነስተኛ፣ ትንሿ እኔ ብዙ አገኘሁ። ልንደባደብ ስንደርስ መምህር ዳምጤ የሁለታችንንም ክንድ ጎን ለጎን አድርገው አሳዩን። ክፍል ውስጥ ቢነግሩን ኖሮ እሺ ብለን እንረሳው ነበር።

ወላጆች ማጉረምረም ጀመሩ። "ከጥቁር ሰሌዳ ጋር የተጣላ አስተማሪ" አሏቸው። ይሁን፤ ጭቃው ይታጠባል፣ ኦቾሎኒውም ቢሆን ሆድ ውስጥ ነው የገባው። ዘንጉ ግን ሌላ ነገር ሆነ።

ገና ካለፈ በኋላ መምህር ዳምጤ ሜዳው መካከል አንድ ዘንግ ተከሉ። ክር ላይ ድንጋይ አንጠልጥለን ቀጥ ማለቱን እንድናረጋግጥ አደረጉ። ከዚያ ያልተሰማ ነገር አመጡ፤ የረፋዱ ደወል ሲደወል "አትሂዱ" አሉን። ቀትር እስኪሆን ልንጠብቅ! የጦር ሰፈሩ የስድስት ሰዓት መለከት ሲነፋ ከጥላው ጫፍ ላይ ጠጠር እንድናስቀምጥ አዘዙን። ክርስቲያኑ እያማተበ፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ እያለ አስቀመጥን። ጠጠሩን አስቀምጠን ስንቆይ ደግሞ ጥላው ከጠጠሩ ወደ ውስጥ ገባ፤ መለከቱ ተነፍቶም እያጠረ ነው። ጥቂት ቆይቶ ቆመ፣ ከዚያ መርዘም ጀመረ። በሌላውም ቀን እንደዚያው። ጦር ሰፈሩና ፀሐይዋ እንደማይስማሙ በጣታችን አወቅነው፤ ስለዚህ መለከቱን ትተን ጥላውን መጠበቅ ለመድን።

ቀን በቀን ጠጠር ስንጨምር ጠጠሮቹ ወደ ዘንጉ መጠጋት ጀመሩ። ማንም የሚነካቸው የለም፤ ሳንነካቸው መስመራቸው ወደ ዘንጉ እግር ይሳባል። ጠዋት ስንገባ መጀመሪያ የምንሮጠው ወደዚያ ነበር። እንዴት ልንገራችሁ? ያን ያህል ትልቅ ነገር፣ ፀሐይን የሚያህል ነገር፣ በእኛ ሜዳ፣ በእኛ ጠጠር ላይ ይራመዳል! ፍርሃቱ ሳናውቀው ጥሎን ሄደ።

አንድ ቀን መምህር ዳምጤ፣ "ዛሬ ደግሞ የራሳችሁን ጥላ ለኩ" አሉን። ጥንድ ጥንድ ሆነን አንዱ ይቆማል፤ ሌላው በጥላው አናት ላይ ትንሽ የባሕር ዛፍ ችካል ይተክላል። የእኔ ጥንድ የመቶ አለቃው ልጅ ጥሩወርቅ ነበረች። እሷ ቆመች፤ እኔ በድንጋይ መትቼ ችካሉን ከጥላዋ ራስ ላይ ተከልኩት። ተሳስቀን ተለያየን።

በማግስቱ ጥሩወርቅ ቀረች። ትኩሳት ይዟታል።

ሳምንት ሳይሞላ ወሬው ከተማውን አዳረሰው። የጥሩወርቅ እናት፣ ወይዘሮ የሺመቤት፣ ልጃቸውን ምን ስትሠራ እንደዋለች ሲጠይቋት ልጅቷ የሆነውን ሳትደብቅ ነግራቸዋለች። ቀትር ላይ፣ ሜዳ ላይ፣ በችካል፣ የጥላዋን ራስ! ወይዘሮ የሺመቤት እሳት ለብሰው እሳት ጎርሰው መጡ። ወላጆች ተጠሩ፤ ዳይሬክተሩ፣ መምህር ዳምጤና እኛ ልጆች ባለንበት ንግግሩ ተጀመረ።

"ጌታዬ፣ ይሄ ሰውዬ የልጄን ጥላ ራስ ራሱን ቸንክሮታል" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት ድምፃቸው እየተሰበረ። "ወልጄ ወልጄ የቀረችኝ እሷ ብቻ ናት። ወይ እሱ ከዚህ አገር ይሂድ፣ ወይ እኔ ልጄን ቀብሬ ልሂድ!"

አትሳቁባቸው። ልጆቻቸውን አንድ በአንድ የቀበሩ እናት ናቸው። ሁሉንም የወሰደባቸው በሽታ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው አልነበረም፤ ችካሉን ግን በዓይናቸው አይተውታል። እኔማ መቺዋ እኔ ስለሆንኩ ከአባቴ ኮት ጀርባ ተሸጉጬ ነበር።

መምህር ዳምጤ ዝም ቢሉ ይሻል ነበር። እሳቸው ግን ለሚያለቅስ ሰው ማስረዳት የሚቻል ይመስላቸዋል። "እሜቴ፣" አሉ በዚያች ቀጭን ድምፃቸው፣ "ጥላ ነፍስ የለውም። የፀሐይ ነገር ነው። እንዲያውም ሚያዝያ እንደገባ አንድ ቀን ቀትር ላይ የሁላችሁም ጥላ ይጠፋል፤ ማንም ምንም አይሆንም።"

እንግዲህ ይህ ማጽናኛ መሆኑ ነው!

የአብዱላሂ እናት፣ ወይዘሮ ሐሊማ፣ "ያ አላህ! የሁላችንንም?" ብለው ልጃቸውን ወደ ጉያቸው ሳቡት። ዳይሬክተሩ በአንድ በኩል የመቶ አለቃ ሚስት፣ በሌላ በኩል በስንት ልመና የተገኘ አስተማሪ ይዘው ላብ አጠመቃቸው። በመጨረሻ የፈረዱት እንዲህ ነው፤ መምህር ዳምጤ ቆርጠው በሚናገሩት ቀን ወላጅ ሁሉ ይመጣል። ጥላው ከጠፋ መምህሩ እንዳሻቸው ያስተምራሉ። ካልጠፋ ግን በዚያው ቀን ዕቃቸውን ሸክፈው ከሐረር ይወጣሉ።

ከዚያ ወዲህ በከተማው ሌላ ወሬ አልነበረም። ገበያ ላይ፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በጀጎል ጠባብ መንገዶች፣ "ጥላችንን ሊያጠፋው ነው" ይባላል። ከመጥፋቱ በፊት ወደ ዘመድ አገር ለመሄድ ያሰቡም ነበሩ። ጥሩወርቅ ትኩሳቱ ለቀቃት፤ እናቷ ግን ከቤት አላስወጣ አሏት። እኛ ልጆች ችካሉ ቢቀርብንም የዘንጉን ጠጠር አላቋረጥንም፤ መስመሩ ወደ ዘንጉ እግር እየተጠጋ ነው። እንደሚደርስ እናውቃለን፤ ግን በተባለው ቀን ይደርስ ይሆን? አንድ ቀን ቢዘገይስ? መምህር ዳምጤ እንደሆኑ ሲጨነቁ አይታዩም፤ አንድ ነገር ብቻ ተለውጦ ነበር፤ ምሳቸውን አይጨርሱም።

ቀኑ ደረሰ። ወላጅ ሁሉ መጣ፤ መጣ እንጂ ሜዳው ላይ የወጣ የለም። ሁሉም በረንዳው ላይ፣ ከጣሪያው ጥላ ሥር ተጨናንቆ ቆሟል። ፀሐይ ላይ ያሉት ዘንጉና መምህር ዳምጤ ብቻ ናቸው። እኛን ወላጆቻችን እጃችንን ጥብቅ አድርገው ይዘውናል። መምህር ዳምጤ አልጠሩንም፤ ወደኛ ብቻ አዩ። ያኔ የአባቴ እጅ ሲላላ ተሰማኝ። ቀና ብዬ ሳየው ወደ ሌላ ቦታ ያያል። ሮጥኩ። ከኋላዬ አብዱላሂ መጣ፤ ከዚያ ሌሎቹ። ዘንጉን ከበን ቁጢጥ አልን።

የጦር ሰፈሩ መለከት ተነፋ። ዳይሬክተሩ የኪስ ሰዓታቸውን አውጥተው፣ "ስድስት ሰዓት ሆኗል" አሉ። ጥላው ከዘንጉ ሥር ጥቂት ጣት ያህል ቀርቷል።

"ይኸው አለ! ጥላው አለ!" ብለው ወይዘሮ የሺመቤት ጮኹ። በረንዳው ተንጫጫ። መምህር ዳምጤ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ግን የቀደምናቸው እኛ ነን። "ገና ነው! ገና ነው! ከመለከቱ በኋላ ነው!" አልን ባንድ ድምፅ። ማንም አላስጠናንም። አፋችንን ይዘን የምንቀመጥ፣ ካልተጠየቅን የማንናገር ልጆች፣ ዳይሬክተሩንና ሰዓታቸውን ተሳስታችኋል አልናቸው። መምህር ዳምጤ ሊናገሩት የነበረውን ዋጡ። ዓይናቸው እንባ ሲያቀርር አየሁ።

በዚህ መሐል፣ ሰማዩ ጨክኖ፣ አንድ ቁራጭ ደመና ፀሐይዋን ከደናት። ጥላው ሁሉ ጠፋ። ዳይሬክተሩ እፎይ ብለው "እነሆ ጠፍቷል" ማለት ሲጀምሩ ወይዘሮ ሐሊማ አቋረጧቸው። "ወላሂ ይሄማ ደመና ነው፤ ይሄንንማ እኛም እናውቀዋለን" አሉ። እውነታቸውን ነው። ጠበቅን። ከኤረር በር በኩል የአህያ ጩኸት ብቻ ይሰማል።

ከዚያ ደመናው አለፈ፤ ፀሐይዋ ቦግ አለች።

ጥላ የለም።

ዘንጉ ቆሟል፣ ጥላ የለውም። መምህር ዳምጤ ቆመዋል፣ ከጫማቸው ሥር ያለችው ጥላ እንኳ ከሶላቸው አታልፍም። እጄን ዘረጋሁ፤ መሬቱ ላይ ያለችው እጄ ልክ ከእጄ ሥር ገብታለች። ዓለም በሙሉ ያለ ምንም መደበቂያ ቁልጭ ብሎ ቆመ። ቀና ስል ሰማይ በቀጥታ ከአናቴ ላይ ተከፍቶ የሚያየኝ መሰለኝ። እኔን፣ የሐረሯን አንዲት ልጅ! ያን ቀን የተሰማኝን ነገር ከዚያ በኋላ በቤተ ክርስቲያንም፣ ልጆቼን በወለድኩበት ቀንም ቢሆን በዚያ ልክ አላገኘሁትም፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አብዱላሂ በሹክሹክታ "ሱብሐነላህ" አለ። ማንም አልሳቀበትም።

በረንዳው ላይ ያሉት አንድ በአንድ ወረዱ። መጀመሪያ አንድ እግር፣ ከዚያ ሌላው። አባቴ መጥቶ ከጎኔ ቆመና እግሩ ሥር አይቶ ባርኔጣውን አወለቀ። ወይዘሮ ሐሊማ ቀሚሳቸውን ሰብሰብ አድርገው ባሉበት ተሽከረከሩ። ወይዘሮ የሺመቤት መጨረሻ ላይ ወጡ። አንዱን እግራቸውን አነሱ፤ አዩ፤ ሌላውን አነሱ፤ አዩ። ፊታቸው ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። እንግዲህ ገባቸው፣ የፀሐይን ነገር አወቁ ብዬ ተደሰትኩ።

"ታዲያ ዛሬ ምኑን ይወጉታል?" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት። "የሚወጋ ጥላ የለ!"

ይህን ብለው ነጠላቸውን ጥለው ሮጡ። ቤታቸው ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ነበርና ወዲያው ጥሩወርቅን በእጃቸው እየጎተቱ ተመለሱ፤ ሜዳው መካከል አቆሟት። ልጅቷ ከስንት ጊዜ በኋላ ፀሐይ አየች። ዓይኗን ጨፍና ሳቀች።

መምህር ዳምጤ ጠጋ ብለው፣ "እሜቴ፣ ነገሩ እኮ ፀሐይዋ በአናታችን ትክክል ስትውል..." ብለው ጀመሩ።

"ይተዉ መምህር፣ ገብቶኛል" አሉ ወይዘሮ የሺመቤት፤ ሲመጡ "ይሄ ሰውዬ" ያሉትን ሰው አሁን አንቱ እያሉ፣ እጃቸውን ሊስሙ ጎንበስ ብለው። "ጥላችንን ከነሱ ሰብስበው የሚደብቁልን እርስዎ ነዎት። እኔ ክፉዋ ነኝ ያላወቅኩት። ከነገ ጀምሮ ትመጣለች፤ እንዳሻዎ ያስተምሯት።"

በማግስቱ ጥሩወርቅ ክፍል ገባች። ጭቃ አቦካች፣ ኦቾሎኒ በላች፣ ጠጠር አስቀመጠች። እኛም መማራችንን ቀጠልን። ጥቂት ቀን ቆይቶ ጥላው በዘንጉ በሌላኛው በኩል ብቅ ሲል ዳግመኛ ጉድ አልን።

በየዓመቱ ግን ሚያዝያ ሲገባ ያ ሜዳ ይሞላ ጀመር። የተማሪ ወላጅ ብቻ መሰላችሁ? የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። ከጀጎልም ከአዲሱ ከተማም፣ ሰንበትበት ሲል ከገጠሩ ከድሬ ጠያራ ሳይቀር ሕፃን ያዘለች ሁሉ ትመጣለች፤ ቀትር ላይ ልጇን ፀሐይ ላይ ታቆማለች። ከዓመቱ ቀትሮች ሁሉ ያለ ስጋት የሚዋልበት እሱ ብቻ ነውና። መምህር ዳምጤ በየዓመቱ፣ አንድም ዓመት ሳይሰለቹ፣ የፀሐይን ነገር ያስረዳሉ። እናቶቹም በአክብሮት፣ "አዎ መምህር፣ ፀሐይ ናት" ይላሉ። ከዚያ ልጁን ከጀርባ ፈትተው ያቆማሉ።

ዓመታት አለፉ። እኔ የትምህርት ቢሮው ታይፒስት ሆኜ ተቀጠርኩ። አንድ ቀን መምህር ዳምጤ ወደ ሌላ ጠቅላይ ግዛት እንዲዛወሩ ተወሰነ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ሰውን ከሥፍራው የሚነቅል ሰው ምክንያት አያጣም። ወሬው በተሰማ ማግስት የቢሮው ግቢ በሴቶች ተሞላ። ከፊት ወይዘሮ የሺመቤትና ወይዘሮ ሐሊማ፣ ሁለቱም ሸምገል ብለው፣ ተደጋግፈው ቆመዋል። ያኔ ይባረር ያሉት ሰው እንዳይሄድባቸው ነው የመጡት።

ኃላፊው ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ክራባት የሚያስር፣ ውጭ አገር ተምሮ የተመለሰ ወጣት ነው። ሴቶቹን በሙሉ ሰማቸው። መምህሩ ምን እንደሚያስተምሩ ሲጠይቃቸው፣ "ጥላ ይሰበስቡልናል" አሉት። ሊስቅ ሲል ወደ ግቢው አየና ተወው። መምህር ዳምጤን አስጠርቶ ዝውውሩ መቅረቱን ነገራቸው። እሳቸውም እጅ ነስተው ሊወጡ ወደ በሩ ተጠጉ።

ኃላፊው ከወንበሩ ተነሣ። ወደኔ አየ፤ የምጽፍ መስዬ ጽሕፈት መኪናዬ ላይ አቀረቀርኩ። ተከትሏቸው ሄዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ይቅርታ መምህር" አላቸው። "የዘንድሮው ቀን መቼ ነው የሚውለው? ትንሽ ልጅ አለችኝ።"

መምህር ዳምጤ ከበሩ ዞሩ። ተስፋ የሚቆርጡ መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀኑን ነገሩት።

"ይዘዋት ይምጡ" አሉት። "ብቻ ታቅፈዋት አይቁሙ። ራሷ ቆማ እግሯ ሥር ትመልከት።"